የቢሮ ሼርድ ፎልደር አልከፍት ሲላችሁ፦ ከኬብሉ እስከ ፋይሉ ደረጃ በደረጃ

ቢሮ ውስጥ ሼርድ ፎልደር እምቢ ሲል አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ተመሳሳይ ነው። ራውተሩን ያጠፋል ያበራል፣ ፋየርዎሉን ይዘጋል፣ ፎልደሩ ላይ ለኤቭሪዋን ፉል ኮንትሮል ይሰጣል፣ ፓስወርድ ፕሮቴክትድ ሼሪንጉንም ያጠፋል፣ ከነዚህ አንዱ ሲሰራለት ደግሞ የትኛው እንደሰራ ሳያውቅ ሁሉንም እንደተከፈተ ትቶት ይሄዳል። ችግሩ ከጥቂት ቀን በኋላ ይመለሳል፣ የደሞዝ ፋይሉ ግን ለመላው ቢሮ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ እባካችሁ በቅደም ተከተል ሂዱ፣ እያንዳንዱ ደረጃ የሚቀጥለውን ይወስናል።

መመሪያው ዊንዶውስ 10 እና 11 ለሚጠቀም ቢሮ ነው። ፎልደሩ ያለበትን ኮምፒውተር "ባለፎልደሩ ፒሲ" እለዋለሁ። ምሳሌ ላይ አይፒው (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥሩ) 192.168.1.10፣ ስሙ ሂሳብ-ፒሲ፣ ሼር የተደረገው ፎልደር ደግሞ ፋይናንስ ነው እንበል። ትእዛዞችንና የበተን ስሞችን እንደሚነበቡ በኛ ፊደል ነው የምጽፈው፣ ፒሲው ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው፣ ስፔስ ያልኩበት ላይ ደግሞ ስፔስ የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ።

ከመጀመራችሁ በፊት

1. የመጣውን መልእክት በስልክ ፎቶ አንሱት። ሲ ዲቴይልስ የሚል ካለ ተጫኑትና ኮዱም ይታይ። "አልከፍት አለኝ" ብቻ ከተባለ ማንም ሰው ሊረዳችሁ አይችልም።
2. ባለፎልደሩ ፒሲ ላይ አድሚን የሆነ አካውንት ፓስወርዱን ያዙ።
3. ቪፒኤን አፕ ካላችሁ ዝጉት። ቪፒኤን ሲበራ አንዳንዱ የቢሮውን ኔትወርክ ጭራሽ ይቆርጠዋል፣ ይሄ ብቻ ስንቱን ሰው ግማሽ ቀን አባክኖታል።
4. አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ሞክሩ፣ ካልሰራ ወደነበረበት መልሱት፣ ከዛ ወደሚቀጥለው። የቀየራችሁትን ጻፉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ፎልደሩ ውስጥ ያሉት ፋይሎች ስማቸው መጨረሻ ላይ የማታውቁት ነገር ከተጨመረ፣ አጠገባቸውም ገንዘብ ክፈሉ የሚል የጽሁፍ ፋይል ካያችሁ ይሄ መመሪያ አይሆናችሁም። ራንሰምዌር፣ ማለትም ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ነው። የባለፎልደሩን ፒሲ ኬብል ንቀሉ፣ ዋይፋዩን አጥፉ፣ የባክአፕ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ በጭራሽ አትሰኩ፣ ባለሙያ ጥሩ።

ደረጃ 1፦ ችግሩ የማን እንደሆነ ለዩ

ሌላ ሰው ጠረጴዛ ሄዳችሁ ያንኑ ፎልደር ክፈቱ።

ማንም ካልከፈተው ችግሩ ባለፎልደሩ ፒሲ ጋ ነው፣ የራሳችሁን ፒሲ አትነካኩት። ሌላው ከፍቶ እናንተ ብቻ ካልቻላችሁ ችግሩ የናንተው ፒሲ ወይም የናንተው ዩዘር ነው፣ ባለፎልደሩን አትነካኩት። ፎልደሩ ተከፍቶ አንድ ፋይል ብቻ እምቢ ካለ ቀጥታ ወደ ደረጃ 7 ሂዱ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ኔትወርክ የሚለውን ስትከፍቱ የፒሲው ስም ዝርዝሩ ላይ አለመታየቱ ፎልደሩ አይከፈትም ማለት አይደለም። ዊንዶውስ ቁልፍና አርን አንድ ላይ ተጫኑና \\192.168.1.10 ብላችሁ ኢንተር በሉ። ከተከፈተ ስራችሁን ቀጥሉ፣ የስም ዝርዝሩ በኋላ ይደረስበታል።

ደረጃ 2፦ መስመሩ መኖሩን አረጋግጡ

1. ባለፎልደሩ ፒሲ በርቷል? ተኝቶስ እንደሆነ? ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ኪቦርዱን ነክታችሁ ቀስቅሱት። በዚህ ከተፈታ ፓወር ሴቲንግ ውስጥ ስሊፕ የሚለውን ኔቨር አድርጉት።

2. ኬብሉ የሚሰካበት ቦታ ላይ ያሉትን ትንንሽ መብራቶች እዩ። ሁለቱም ከጠፉ ኬብሉን ነቅላችሁ "ቀጭ" እስኪል ስኩት፣ ካልበራ ስዊቹ ላይ ሌላ ቀዳዳ ሞክሩ፣ ካልሆነ ኬብል ቀይሩ። ፕላስቲክ ምላሱ የተሰበረ ኬብል የተሰካ ይመስላል እንጂ ሰው እግሩን ባወራጨ ቁጥር ይላቀቃል።

3. ሁለቱም ፒሲ ላይ ሰርች ውስጥ ሲኤምዲ (ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት) ብላችሁ ክፈቱና አይፒኮንፊግ ብላችሁ ጻፉ። አይፒቪ4 አድረስ የሚለውን መስመር ሁለቱም ላይ አወዳድሩ።

ቁጥሩ በ169.254 ከጀመረ ፒሲው ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም፣ ወደ ኬብሉና ራውተሩ ተመለሱ። አንዱ 192.168.1 ሌላው 192.168.0 ከሆነ ደግሞ ሁለት የተለያየ ኔትወርክ ላይ ናችሁ። ይሄ እኛ ሀገር ቢሮዎች በጣም ይበዛል፣ ምክንያቱም የቴሌው ሞደም አለ፣ ከሱ ላይ ደግሞ ዋይፋይ እንዲደርስ ተብሎ ሌላ ራውተር ተገዝቶ ይሰካል፣ ሁለተኛው ራውተር የራሱን ኔትወርክ ይፈጥራል፣ ኢንተርኔት ለሁሉም ስለሚሰራ ማንም አይጠረጥርም። መፍትሄው ሁለተኛውን ራውተር አክሰስ ፖይንት ሞድ ላይ ማድረግ ነው፣ ያኔ የራሱን ኔትወርክ ሳይፈጥር ዋይፋይ ብቻ ያስተላልፋል። ለጊዜው ግን ሁለቱንም ፒሲ አንድ ራውተር ላይ አገናኙ። የእንግዳ ዋይፋይም አይሆንም፣ ገስት የሚለው ኔትወርክ ፒሲዎቹ እንዳይተያዩ ተደርጎ ነው የሚሰራው።

4. ፒንግ ስፔስ 192.168.1.10 ብላችሁ ሞክሩ። ሪፕላይ ፍሮም ብሎ የባለፎልደሩን አይፒ ከጻፈ መስመሩ አለ። ዴስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል ካለ ፒሲው ጠፍቷል ወይም አይፒው ተቀይሯል። ሪክዌስት ታይምድ አውት ካለ ግን አትደምድሙ፣ ፋየርዎል ፒንግን ብቻ ዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ወደ ደረጃ 3 እለፉ።

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ የመጣ ችግር ከሆነ ከሁሉም በፊት አይፒውን ጠርጥሩ። ራውተሩ ሲነሳ ለባለፎልደሩ ሌላ ቁጥር ሰጥቶት ሊሆን ይችላል፣ ሰራተኛው ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሾርትካት ደግሞ የድሮውን ቁጥር ነው የሚፈልገው።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩን አውጡ

የዚህ መመሪያ ዋናው ቦታ ይሄ ነው። በማውስ ስትከፍቱ የሚመጣው መልእክት ብዙ ጊዜ ድፍን ያለ ነው፣ 0 ኤክስ 80070035 የሚለው ራሱ ከደርዘን ምክንያት ሊመጣ ይችላል። ሲኤምዲ ግን ለይቶ ይነግራችኋል። እንዲህ ጻፉ፦

ኔት ስፔስ ዩዝ ስፔስ \\192.168.1.10\ፋይናንስ

ሲስተም ኤረር ብሎ ከሱ ቀጥሎ የሚጽፈውን ቁጥር ያዙ።

53 ካለ፦ ፒሲው ጋ አልደረሳችሁም ወይም በሩ (ፎልደሩ የሚያልፍበት ፖርት) ዝግ ነው። ወደ ደረጃ 4።

67 ካለ፦ ፒሲው ተገኝቷል፣ ፋይናንስ የሚል ሼር ግን የለም። አንዱ የፎልደሩን ስም ቀይሯል ወይም አንድ ፊደል ስታችኋል። \\192.168.1.10 ብቻ ብላችሁ ክፈቱና ትክክለኛውን ስም እዩ።

5 ካለ፦ ገብታችኋል፣ ፍቃድ ግን የላችሁም። ደረጃ 6።

86 ወይም 1326፦ ፓስወርድ ወይም ዩዘር ኔም ስህተት ነው። ደረጃ 5።

1327፦ የምትገቡበት አካውንት ገደብ አለበት፣ ባብዛኛው ፓስወርድ የሌለው አካውንት ሲሆን ነው የሚመጣው። ደረጃ 5።

1219፦ ያንኑ ፒሲ በሌላ ዩዘር ቀድማችሁ ከፍታችሁታል። ክፍት ፋይል ሁሉ ሴቭ አድርጋችሁ ዝጉ፣ ከዛ ኔት ስፔስ ዩዝ ስፔስ ኮከብ ስፔስ ስላሽ ዲሊት ብላችሁ ሲጠይቃችሁ ዋይ የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። ይሄ ማፕ የተደረጉ ድራይቮችንም (የድራይቭ ፊደል የተሰጣቸውን ሼሮች) ስለሚያነሳ የድራይቭ ፊደሉንና መንገዱን ቀድማችሁ ጻፉት።

71፦ ባለፎልደሩ ሞልቷል። ተራው ዊንዶውስ 10 እና 11 ባንድ ጊዜ ከ20 በላይ ግንኙነት አይቀበልም። የማይሰሩበት ሰዎች ይዝጉ፣ ሁሌ የሚሞላ ከሆነ ግን ቢሮው ትክክለኛ ሰርቨር ወይም ናስ (ኔትወርክ ላይ የሚሰካ የፋይል ማስቀመጫ መሳሪያ) ያስፈልገዋል፣ ሌላ መላ የለውም።

384 ወይም 1272፦ የአሮጌ መሳሪያና የአዲስ ዊንዶውስ አለመስማማት ነው። ከደረጃ 6 ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

ትእዛዙ ኮምፕሊትድ ሰክሰስፉሊ ካለ መስመሩም ፓስወርዱም ጤነኛ ነው፣ የቀረው ሾርትካቱ ነው። አጥፉትና አዲስ ስሩ።

በአይፒ ሰርቶ በስም ካልሰራ ችግሩ ስም መፈለጉ ላይ ነው። ዶሜይን ያለው (ሁሉም ዩዘር ከአንድ ሰርቨር የሚተዳደርበት) ቢሮ ከሆነ የፒሲውን ዲኤንኤስ፣ ማለትም ስምን ወደ አይፒ የሚቀይርለትን ሰርቨር አድራሻ እዩ፣ ኢንተርኔት ይፍጠን ተብሎ 8.8.8.8 ከተደረገ የቢሮውን ሰርቨር ስም በጭራሽ አያገኝም፣ ወደ ቢሮው ዲኤንኤስ መልሱት። ሰዓቱንም እዩ፣ ዶሜይን ላይ ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካለ መግባት ይከለክላል። የማዘርቦርዱ ባትሪ የሞተበት ፒሲ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደኋላ ይሄዳል፣ ባትሪው ይቀየር።

ደረጃ 4፦ ባለፎልደሩ ፒሲ ላይ በሩን ክፈቱ

1. ሴቲንግ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዛ የተገናኛችሁበትን ኢተርኔት ወይም ዋይፋይ ክፈቱና ፕራይቬት ኔትወርክ አድርጉት። ፐብሊክ ከሆነ ዊንዶውስ ካፌ ውስጥ እንዳለ ቆጥሮ ሁሉንም ይዘጋል። ራውተር ስትቀይሩ ወደ ፐብሊክ ሊመለስ እንደሚችል አትርሱ።

2. አድቫንስድ ሼሪንግ ሴቲንግስ ብላችሁ ፈልጉ። ፕራይቬት ስር ኔትወርክ ዲስከቨሪ እና ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ ይብሩ። ኦል ኔትወርክስ ስር ያለውን ፓስወርድ ፕሮቴክትድ ሼሪንግ አታጥፉት።

3. ሰርች ላይ ሰርቪስስ ብላችሁ ክፈቱ። ሰርቨር የሚለው ራኒንግ መሆን አለበት፣ ካልሆነ ስታርት በሉት። ስሙ ዝርዝር ላይ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ደግሞ ፈንክሽን ዲስከቨሪ ሪሶርስ ፐብሊኬሽን የሚለውን አውቶማቲክ አድርጋችሁ አስነሱት።

4. አላው አን አፕ ስሩ ዊንዶውስ ፋየርዎል ብላችሁ ክፈቱ፣ ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ የሚለው ላይ ፕራይቬት ምልክት ይደረግ። ፋየርዎሉን ሙሉ በሙሉ መዝጋት አያስፈልግም።

5. ከናንተ ፒሲ ፓወርሼል ክፈቱና ቲኤንሲ ስፔስ 192.168.1.10 ስፔስ ሰረዝ ፖርት ስፔስ 445 ብላችሁ ሞክሩ። መጨረሻው መስመር ትሩ ካለ በሩ ተከፍቷል። ፎልስ ካለ የተገዛ አንቲቫይረስ ባለፎልደሩ ላይ እንዳለ እዩ፣ ብዙዎቹ የራሳቸው ፋየርዎል አላቸው፣ እዛም ውስጥ ኔትወርኩን ትረስትድ ወይም ሆም ማድረግ አለባችሁ።

አደራ፣ ይሄን 445 ፖርት ራውተሩ ላይ ወደ ኢንተርኔት አትክፈቱት። ከቤት ፋይል ማየት የሚፈልግ ሰው ካለ የቢሮው ቪፒኤን ይሰራለት።

ደረጃ 5፦ ዩዘር ኔምና ፓስወርድ

ኢንተር ኔትወርክ ክሬደንሻልስ የሚል ሳጥን መጣ እንበል። ሰዎች እዚህ የሚሳሳቱት ፒሲያቸውን ጠዋት የሚከፍቱበትን አራት ቁጥር በመጻፍ ነው። ያ ፒን ነው፣ ፒን ደግሞ በኔትወርክ አይሰራም፣ እዛው ፒሲ ላይ ብቻ ነው የሚያገለግለው። የሚፈለገው የአካውንቱ ፓስወርድ ነው፣ ያውም የናንተ ፒሲ ሳይሆን ባለፎልደሩ ፒሲ ላይ ያለ አካውንት።

ዩዘር ኔሙንም ብቻውን አትጻፉ። ሂሳብ-ፒሲ\ሼርዩዘር ብላችሁ የፒሲውን ስም አስቀድሙ፣ ካልሆነ ዊንዶውስ የናንተው ፒሲ ዩዘር ሊመስለው ይችላል። አካውንቱ የማይክሮሶፍት ከሆነ ሙሉ ኢሜይሉንና የኢሜይሉን ፓስወርድ ጻፉ። ፓስወርድ የሌለው አካውንትም አይሆንም፣ ዊንዶውስ ባዶ ፓስወርድ በኔትወርክ አይቀበልም።

እኔ የምመክረው ለሼር ብቻ የሚሆን ሎካል ዩዘር መፍጠር ነው፦

1. ባለፎልደሩ ላይ ኮምፒውተር ማኔጅመንት፣ ሎካል ዩዘርስ ኤንድ ግሩፕስ፣ ዩዘርስ፣ ኒው ዩዘር። ሆም ኤዲሽን ላይ ይሄ የለም፣ በሴቲንግ አካውንትስ ውስጥ አዘር ዩዘርስ ጋ ገብታችሁ ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት የሚለውን ምረጡ።
2. ጠንካራ ፓስወርድ ስጡት።
3. ዩዘር መስት ቼንጅ ፓስወርድ የሚለውን ምልክት አንሱ፣ ካልተነሳ በኔትወርክ አይገባም።
4. ፓስወርድ ኔቨር ኤክስፓየርስ ላይ ምልክት አድርጉ። ይሄን የዘለለ ቢሮ በደንብ ሲሰራ ቆይቶ ከ42 ቀን በኋላ ድንገት ሁሉም ሰው ይቆለፍበታል፣ የዊንዶውስ መነሻ ልክ እሱ ስለሆነ።
5. አድሚን አታድርጉት።

ትክክለኛ ፓስወርድ ጽፋችሁም እምቢ ካለ የናንተ ፒሲ የድሮውን አስታውሶ እየላከ ነው። ክሬደንሻል ማኔጀር ክፈቱ፣ ዊንዶውስ ክሬደንሻልስ ውስጥ የባለፎልደሩን ስምም አይፒውንም ፈልጋችሁ ሪሙቭ በሉ፣ ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚቀመጡት። ከዛ ሳይን አውት አድርጋችሁ ግቡ።

ደረጃ 6፦ ፍቃድ

ፎልደሩ ላይ ሁለት ፍቃድ አለ፣ የግቢ በርና የቤት በር በሏቸው፣ አንዱን አልፋችሁ ሌላው ላይ ልትቀሩ ትችላላችሁ። ከሁለቱ ጠባቡ ነው የሚሰራው።

1. ፎልደሩን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሼሪንግ፣ አድቫንስድ ሼሪንግ፣ ፐርሚሽንስ። ዩዘራችሁን ወይም ግሩፑን ጨምሩ፣ ቼንጅ ስጡ።
2. እዛው ፕሮፐርቲስ ላይ ሴኩሪቲ ታብ፣ ኤዲት፣ አድ። ያንኑ ዩዘር ጨምሩ፣ ማንበብ ብቻ ከሆነ ሪድ፣ መጻፍም ከሆነ ሞዲፋይ።

ባብዛኛው የሚረሳው ሁለተኛው ነው። ዲናይ የሚለውን አትጠቀሙ፣ ዲናይ ከአላው ይበልጣልና ሰውየው ያለበት ግሩፕ ላይ ከተደረገ ራሳችሁንም ሊቆልፋችሁ ይችላል። ዶሜይን ላይ ግሩፕ ውስጥ አሁን የተጨመረ ሰው ሳይን አውት አድርጎ እስኪመለስ አዲሱ ፍቃድ አይደርሰውም።

አዲስ ዊንዶውስ፣ አሮጌ መሳሪያ

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ዊንዶውስ 11 24ኤች2 ሲጫን ትናንት ይሰራ የነበረ ናስ ወይም ራውተር ላይ የተሰካ ሃርድ ዲስክ እምቢ ሊል ይችላል። ፕሮ ኤዲሽኑ ያለ ፓስወርድ በገስት መግባትን ዘግቶታል፣ ኤስኤምቢ (ዊንዶውስ ፎልደር ሼር የሚያደርግበት ቋንቋ) ላይም ሳይኒንግ፣ ማለትም መልእክቱ መንገድ ላይ እንዳልተነካ ማረጋገጫ፣ ግዴታ ሆኗል። 1272 የሚለው ቁጥር ገስቱ ነው። መፍትሄው ናሱ ላይ ዩዘርና ፓስወርድ መፍጠር፣ ፈርምዌሩን (የመሳሪያውን የውስጥ ሶፍትዌር) ማደስ፣ ሳይኒንግ የሚል ካለው ማብራት ነው።

384 ከሆነ መሳሪያው የሚያውቀው ኤስኤምቢ 1ን ብቻ ነው። ናሱ ሴቲንግ ውስጥ ኤስኤምቢ 2 ወይም 3 የሚል ካለ አብሩት። ኤስኤምቢ 1ን ዊንዶውስ ላይ መልሳችሁ አትጫኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር ከፒሲ ወደ ፒሲ የተዛመተው በሱ በኩል ነው። መሳሪያው ሌላ ካላወቀ ፋይሉን ቀድታችሁ መሳሪያውን ቀይሩ።

ደረጃ 7፦ ፎልደሩ ተከፍቶ ፋይሉ ብቻ እምቢ ሲል

ሎክድ ፎር ኤዲቲንግ ካለ። የተጻፈውን ስም ሰው ጠይቁ። ዘግቻለሁ ካለ ባለፎልደሩ ላይ ኮምፒውተር ማኔጅመንት፣ ሼርድ ፎልደርስ፣ ኦፕን ፋይልስ ውስጥ እዩ። እዛ ካለ ራይት ክሊክ ክሎዝ ኦፕን ፋይል፣ ግን ሴቭ ያልተደረገ ስራ ይጠፋል፣ ሰውየውን ሳታናግሩ አታድርጉት። እዛ ከሌለ መብራት ሲጠፋ የቀረ መቆለፊያ ነው፦ ቪው ውስጥ ሂድን አይተምስ አብሩ፣ በ~$ የሚጀምር የዛ ፋይል ስም ያለበት ትንሽ ፋይል አለ፣ እሱን ብቻ አጥፉ።

አክሰስ ዲናይድ ያለው አንድ ፋይል ብቻ ከሆነ። ባለፎልደሩ ላይ ከራሱ ዴስክቶፕ ከት ተደርጎ የገባ ፋይል የድሮ ፍቃዱን ይዞ ሊመጣ ይችላል። እዛው ፒሲ ላይ ኮፒውን እዛው ፎልደር ውስጥ ፔስት አድርጉ፣ ኮፒው መከፈቱን አይታችሁ የድሮውን አጥፉ።

ፕሮቴክትድ ቪው እያለ የሚያስቸግር ወይም ማክሮ የሚዘጋ ከሆነ። በአይፒ ስትከፍቱት ኦፊስ ከኢንተርኔት የመጣ ይመስለዋል። በስም ክፈቱት፣ \\ሂሳብ-ፒሲ\ፋይናንስ። ፕሮቴክትድ ቪውን ራሱን አታጥፉት።

መንገዱ ሲረዝም። ፎልደር ውስጥ ፎልደር፣ የደብዳቤው ርእስ ሙሉው እንደ ፋይል ስም፣ ይሄ ሲደራረብ ኤክሴል ከ218 ፊደል በላይ አይከፍትም። ስሞቹን አሳጥሩ።

ተከፍቶ አማርኛው የተዘበራረቀ ከሆነ። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የቆየ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ፒሲ ላይ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ነው የሚታየው። ፋይሉ አልተበላሸም። የጻፈው ሰው ፒሲ ላይ የፎንቱን ስም እዩ፣ ያንኑ እናንተም ጋ ጫኑ። አስተካክላለሁ ብላችሁ ሴቭ አታድርጉት።

ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌሩ) ከሆነ። ኩባንያው የተቀመጠበት ድራይቭ ከፍቶላችሁ ፒችትሪው ግን ዳታውን አላገኘሁም ካለ፣ ባለፎልደሩ ላይ ሰርቪስስ ውስጥ ፐርቫሲቭ የሚለው (የፒችትሪን ዳታ የሚያቀርበው ሰርቪስ) ራኒንግ መሆኑን እዩ፣ ፋየርዎሉ ላይም 3351 እና 1583 ፖርቶች ለፕራይቬት ይከፈቱ። የዳታ ፎልደሩን እንደ ተራ ፋይል ኮፒ ከማድረጋችሁ በፊት ሁሉም ሰው ከፒችትሪ ይውጣ።

እንዳይመለስ

ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ዲኤችሲፒ ሪዘርቬሽን ወይም አድረስ ሪዘርቬሽን በሚለው ለባለፎልደሩ ቋሚ አይፒ ያዙለት። ራውተሩንና ስዊቹንም ከባለፎልደሩ ጋር አንድ ዩፒኤስ ላይ አድርጉ፣ ፒሲው ብቻውን ቢበራ ስዊቹ ከጠፋ ምንም አይጠቅምም።

ሁሉንም ሞክራችሁ ካልሆነ

ለአይቲ ሰው ስትደውሉ እነዚህን አዘጋጁ፦ የመልእክቱ ፎቶ፣ የኔት ዩዝ ቁጥር፣ የሁለቱ ፒሲ አይፒ፣ 445 ላይ ትሩ ነው ፎልስ፣ ስንት ሰው ላይ እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እና የቀየራችሁት ነገር የተጻፈበት ወረቀት።